ዜንዚ ኦላንግ የደረሰችበት ቅዳሜ

ዜንዚ ካርታ ዘርግታ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዶችን በብስክሌት ከቶብላህ ሐይቅ እስከ ሲልያን ከተማ ስትመራ ካርታ በእጇ የያዘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም የአንዲት እንግዳ የብስክሌት መቀመጫ ዝናብ ስላረጠበው ልትጠርግበት ነበር።

መንገዱ የብስክሌት ብቻ ነው። መኪና አይገባበትም። ድርቆሽ የጫነ ትራክተር አልፎ አልፎ ይፈቀድለታል፤ ላሞች ደግሞ ፈቃድ ሳይጠይቁ ያቋርጡታል። ከሐይቁ ተነሥቶ በሁለት ተራራ መካከል እያዘቀዘቀ ወደ ሰፊው የቶብላህ መስክ ይወርዳል፤ እዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ድራው የሚባለውን ወንዝ ተከትሎ ቁልቁል እስከ ሲልያን ይሄዳል። በበጋ እሑድ እሑድ ሕፃኑን በጋሪ የሚጎትት አባት፣ ሰማንያ ዓመት የሞላት ባልቴት፣ ትናንት መንዳት የተማረ ልጅ፣ ሁሉም እንደ ወንዙ ወደ ታች ብቻ ይጎርፋል። ለመመለሻው ባቡር አለ። ዜንዚም በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሌላ አቅጣጫ ፔዳል ረግጣ አታውቅም፤ ቁልቁል ሄዳ በባቡር መመለስ ነው።

የተወለደችው መስኩ መሃል ባለ ቤት ውስጥ ነው። ያ መስክ ጉድ ነው። ሲያዩት ጠፍጣፋ ነው፤ ኳስ ቢያስቀምጡበት ባለበት ይቆማል። ውሃ ግን ለሁለት የሚለያየው እዚያ ላይ ነው። በቤታቸው ጣሪያ በምሥራቅ በኩል የወረደው ዝናብ ቦይ ለቦይ ሄዶ ድራው ይገባል፤ ከዚያ አገር ላገር ሲዞር ከርሞ ጥቁር ባሕር ይደርሳል። በምዕራብ በኩል የወረደው ደግሞ ሪየንዛ ወንዝ ገብቶ ከቬኒስ በታች ካለው ባሕር ጋር ይቀላቀላል። አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ባሕር። ዜንዚ ልጅ እያለች ዝናብ በጣለ ቁጥር ሁለት የቆርቆሮ ኩባያ ይዛ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ትሮጥና ከሁለቱም እየቀዳች ትቀምስ ነበር። ልዩነት ሊኖረው ይገባል ብላ ታምን ነበር። ልዩነት አልነበረውም፤ እሷ ግን እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ተስፋ አልቆረጠችም።

እናቷ ያስተማረቻት መንገድ ፍለጋም ይኸው ነው። ጉም ከያዘሽ ቁሚ፤ ቦይ ፈልጊ፤ ቅጠል ጣዪበትና የሚሄድበትን እዪ። በመስኩ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። የመንገድ ምልክት ማንበብ እዚያ እንደ ነውር ነው። ምልክት የተተከለው ለእንግዳ ነው። የአገሩ ተወላጅ ምልክት ሥር ቆሞ ሲያነብ ከታየ ወሬው ከእሱ ቀድሞ መጠጥ ቤት ይደርሳል።

በዚያ ዓመት በጥቅምት፣ የብስክሌት ጉዞው ወቅት ሊዘጋ አንድ ቅዳሜ ሲቀረው፣ አርሚን ዜንዚን ወደ ሱቁ ጠራት። አርሚን የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። የብስክሌት ማከራያውን የከፈተው አባቱ ሽማግሌው ፍሪድል ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት ሥራው ለልጁ ተረፈ። አርሚን አራት ዓመቱ እያለ ዜንዚ ከኋላዋ በተገጠመ ወንበር አስቀምጣ ሲልያን ድረስ ወስዳዋለች፤ እንቅልፍ ወስዶት ሙሉውን መንገድ ጀርባዋን በምራቁ አርሶት ነበር።

"ዜንዚ፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜ እሰማለሁ። ምን ሰበርኩ?"

"ምንም አልሰበርሽም።"

"እንግዲያው የሞተ ሰው አለ።"

"ማንም አልሞተም! እስቲ አንድ ጊዜ ስሚኝ። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እንግዳው መንገዱን በስልክ ያገኛል። ስልኩ ይናገራል። እዚህ ጋ ታጠፍ ይላል፣ እዚህ ጋ የድሮ ቤተ ክርስቲያን አለ ይላል።"

"ጎማ ሲተነፍስስ፣ ስልኩ ይነፋል?"

"አባቴ ቢኖር እንዲህ አያደርግም ነበር ልትዪኝ ነው።"

"አባትህ ቢኖር ስልኩን ሐይቅ ውስጥ ይወረውረው ነበር። ቀጥሎ አንተን።"

አርሚን ሳቀ፤ ግን ቶሎ አቆመ። "የቅዳሜው የመጨረሻው ጉዞ ነው። እኔም አብሬ እመጣለሁ። ሲያልቅ እንግዶቹ ቅጽ ይሞላሉ። አንዱ ጥያቄ 'መሪ ያስፈልግ ነበር ወይ' የሚል ነው። አያስፈልግም ካሉ ከግንቦት ጀምሮ እጥበት ላይ ትሆኛለሽ። ያስፈልጋል ካሉ ትመሪያለሽ። ቃሌ ነው።"

እጥበት ማለት ከሱቁ ሥር ያለው ምድር ቤት ነው። የጎማ ቱቦ፣ ብሩሽ፣ አንዲት ጠባብ መስኮት። ሰው አገር አይቶ ሲመለስ ብስክሌቱ ላይ የቀረውን ጭቃ ማጠብ ነው። ዜንዚ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስበው ሰነበተች። ሌላው ያየውን ሸለቆ እሷ በቱቦ ውሃ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ስታወርደው ታያት። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደህና ነው፤ ይህ ነገር ደግሞ ከየት መጣ?

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ አልነበረም። ከዳር ያለው ሸምበቆ ይታያል፤ ከእሱ ወዲያ ነጭ ነው። ጉሙ ከውሃው ላይ ተነሥቶ ተራራዎቹን እስከ አናታቸው ውጧቸዋል። አምስቱ እንግዶች ብስክሌታቸውን ይዘው እየተንቀጠቀጡ ቆመዋል። ፌራራ ከሚባለው የሜዳ ከተማ የመጣችው ኦርኔላ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ውሎ የሚያድረው ባሏ ሲልቫኖ፣ ጡረታ የወጣው የግራትስ ፖስተኛ ሁበርት፣ እና ከሳልዝቡርግ የመጡ ሁለት አስተማሪ እህትማማቾች ነበሩ።

"ስልካችሁን ወደዚህ" አለች ዜንዚ የጨርቅ ከረጢት ከፍታ። ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። ጉዞው እስኪያልቅ ስልክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚነዳ ሰው ዛፍ ውስጥ ይገባል ባይ ናት። ከረጢቱን ለአርሚን ሰጠችው። የአርሚን ስልክ ኪሱ ቀረ። አለቃ ነው።

"ሲኞራ ዜንዚ" አለች ኦርኔላ እንደ አገሯ ወግ አክብራ፣ "መንገዱ እንኳን ሊታይ፣ የራሴን የፊት ጎማ በግምት ነው የማውቀው።"

"አንቺ የእኔን ቀይ ፋኖስ እዪ፤ ባልሽ የአንቺን ይይ።"

"እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ አላየም።"

"ውሸት" አለ ሁበርት፣ "ቁርስ ላይ የእኔን ቋሊማ ሲያይ ነበር።"

ተሳስቀው ተነሡ።

የመጀመሪያው ግራ መጋባት ከሐይቁ ሦስት ኪሎ ሜትር እንደራቁ ጀመረ። ዜንዚ ያን ቦታ በጨለማው ነበር የምታውቀው። ጥዶቹ ከሁለት በኩል ስለሚገጥሙ በቀትርም ቢሆን አየሩ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ሙጫና እንጉዳይ ይሸታል፤ ያኔ "አሁን ድልድዩ ደረሰ" ትላለች። በዚያ ቀን ግን ቅዝቃዜው አልመጣም። በዚያ ፈንታ ብርሃን መጣ፤ ከየትም ያልሆነ፣ ወተት የመሰለ ብርሃን። ወርዳ ስታይ ደኑ የለም። ቅርፊት የሚበላው ጥንዚዛ በበጋው ጨርሶት፣ ቆራጮች ከሰኞ እስከ ዓርብ መትተው ጥለውት ኖሯል። ጉቶ ብቻ ነው የቀረው፤ በጉሙ ውስጥ ጉቶዎቹ ለስብሰባ የተደረደሩ ወንበሮች ይመስላሉ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሄደባቸው። በመንገዱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ተወጥሯል። ቀስት የተሳለበት ሣንቃ ወደ ጫካ ሠራተኞች መንገድ ይመራል።

"ዞረን እንሄዳለን" አለች ዜንዚ። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጥላ ነበር። ጥላ ሰባት ቀን ውስጥ ወዴት ይሄዳል?

የጫካው መንገድ ኮረት ነው። ይጠመዘዛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይጠመዘዛል። ከተነሡበት በኩል በስተ ቀኝ ስለገባ፣ ዜንዚ በሐሳቧ መስኩ ላይ በምሥራቁ ጫፍ፣ በድራው ወገን እንደሚያወጣቸው አሰላች። ኮረቱ አልቆ ሣር ሲጀምር ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ደረሱ። አንድ የድርቆሽ ጎተራ ጥላውን ብቻ አሳይቶ ቆሟል። ከጎኑ የመንገድ ምልክት አለ። ዜንዚ ምልክቱን አየችው፤ ምሰሶ አየች ማለት ነው። የተጻፈበትን አላየችም። ማንበብ የሚባል ነገር ወደ ሐሳቧም አልመጣም።

ከብስክሌቷ ወረደች። ከሣሩ ሥር ቦይ ይንሾካሾካል። ተንበርክካ አንዲት የደረቀች ቅጠል ጣለችበት። ቅጠሏ ጥቂት ዞረች፤ እንደምታስብ ሰው ቆየችና ወደ ግራ ሄደች።

"ምን እያደረገች ነው?" አለች ከእህትማማቾቹ ታናሽዋ በሹክሹክታ።

"ትጠይቃለች" አለች ኦርኔላ።

"ማንን?"

"ውሃውን፣ ሌላ ማን አለ?"

ዜንዚ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። "በዚህ በኩል" አለች። ሁሉም ተከተሏት። አርሚን ግን ምልክቱ ፊት ለፊት ቆሞ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ኪሱን ዳበሰ፤ ከዚያ መጨረሻ ሆኖ ተከተለ።

መንገዱ ያማረ ነበር። ለስላሳ አስፋልት፣ ቀስ እያለ የሚወርድ፤ ፔዳል ሳይረግጡ ጎማው ብቻውን ያወራል። በጉም ውስጥ መውረድ እንግዳ ነገር ነው። ሰው የሚሄድ አይመስለውም፤ አገሩ በአጠገቡ እየተቆረሰ የሚያልፍ ይመስለዋል። አንድ የፖም ዛፍ ከነፍሬው ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ የእንጨት አጥር ከየት እንደጀመረ ሳይናገር ያልቃል። ሁበርት ከኋላ ሆኖ አርባ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል ያጋጠሙትን ውሾች በስማቸው ይቆጥራል።

ዜንዚ ግን ጆሮዋን አቅንታለች። ወንዙ በግራዋ ነው የሚሰማት። ድራው በቀኟ መሆን ነበረበት። በዞርንበት ጊዜ ድልድይ ሳናውቀው አልፈናል አለች። ድምፁም ወፍራም ነው፤ ድራው እዚህ ላይ ገና ጅረት ነው፣ ልጅ ይዘለዋል። ያለፈው ሳምንት ዝናብ ነው አለች። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነጭ ጸሎት ቤት አለ፤ አልመጣም። ጉሙ ሸፍኖት አልፈነዋል አለች። የእንጨት መሰንጠቂያው ሽታ ሊመጣ ከሚገባው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አፍንጫዋ ገባ። ነፋስ ይሆናል አለች፤ ነፋስ ግን አልነበረም፤ ጉሙ እንደ ተሰቀለ አንሶላ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ይንገዳገዳል። አገሩን በሌሊት ሰው አዟዙሮ ያስቀመጠው ነው የሚመስለው። ፈርታ ወደ ኋላ ዞር አለች። አምስት መብራት፣ ስድስተኛው አርሚን። ሁሉም እሷን አምነው ይመጣሉ። እንዴት ቁማ "ግራ ገባኝ" ትበል? በዚህ ቀን? በዚህ ቅዳሜ?

ድንገት የላሞች ደወል ሰማች። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ቀንድ፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ሩፔርት ወጣ። ሩፔርት ትምህርት ቤት ሳሉ ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ገበሬ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳያበሽቃት አልፏት አያውቅም። በመከር ሣር ባገኘበት ሁሉ ላሞቹን ስለሚነዳ፣ የሩፔርት መኖር የት እንዳሉ አይነግርም።

"ዜንዚ! እነዚህን ነፍሳት ወዴት ትወስጃቸዋለሽ?"

"ወደ ሲልያን ነዋ!"

ሩፔርት አፉን ከፈተ። ዘጋው። ከዚያ ፊቱ በሙሉ በራ። "ሲልያን! በዚህ በኩል?"

"በዚህ በኩል።"

"እንግዲያው ለሲልያን ሰዎች ሰላም በዪልኝ። ዓለምን ዞረሽ ስትደርሺ ምናልባት እኔ አልኖርም፤ ለልጆቼ ደብዳቤ ጻፊ።"

"አንተ ላሞችህን ጠብቅ፤ እነሱ ካንተ የተሻለ ያወራሉ።"

"ይሻላሉ እንጂ!" እያለ ሳቁን ጉሙ ዋጠው። እሷም እየቀለደች መስሎት በጣም ደስ ብሎታል። ዜንዚም የዘወትር ለከፋው መስሏት ነዳች። ግን "ዓለምን ዞረሽ" የሚለው ነገር እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጫካ ገባ። በጫካው ውስጥ ዜንዚ የማታውቀው መታጠፊያ መጣ። ሌላም መጣ። የማታውቀው አግዳሚ ወንበር፣ የማታውቀው የድንጋይ ገንዳ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያላየችው ገንዳ ከመንገዷ ዳር እንዴት ሊኖር ይችላል? ፍሬኗን ያዝ አደረገች። ለቀቀች።

ከዚያ ዛፎቹ አለቁና ጉሙ ከፊታቸው ተቀደደ።

ሐይቅ ነበር።

አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ፣ ረጅም ሐይቅ። ቢጫ የለበሱት ዛፎች ከነሥራቸው በውሃው ላይ ተገልብጠው ቆመዋል። የጉሙ ቁራጭ አንድ አንድ እያለ ከላዩ ይነሣል። ሁለት ዳክዬዎች ሰማዩን ለሁለት እየሰነጠቁ አለፉ፤ ሰማዩ ውሃው ላይ ስለነበረ። ከማዶ ተራራው ገና እየተሠራ ያለ ይመስላል፤ እግሩ ብቻ አለ።

ዜንዚ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ቆመች። "እዚህ ሐይቅ የለም" አለች።

እንግዶቹ አንድ በአንድ አጠገቧ ደርሰው ቆሙ።

"ከቶብላህ እስከ ሲልያን ሐይቅ የለም። አንድም የለም።" ዞራ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ አስቀምጦት እንደሆነ ለመጠየቅ የፈለገች ትመስላለች። ቀጥሎ በሐይቁ ጫፍ ያለውን ግድብ አየች። ይህን ግድብ ታውቀዋለች። ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ከዋናው የመኪና መንገድ፣ ከማዶ፣ በመስኮት አይታዋለች። "ኦላንግ" አለች በቀስታ። "የኦላንግ ሐይቅ ነው። በምዕራብ በኩል ነው የመጣነው። ቦይዋ የሪየንዛ ነበረች።"

"አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር" አለ አርሚን ከኋላ።

ኦርኔላ ብስክሌቷን ይዛ ወደ እሱ ዞረች። "ስንት መሆኑን እንዴት አወቅህ?"

አርሚን ቀላ። "ጎተራው ጋ ምልክት ነበር።"

"አንብበኸው ነበር?"

"አንብቤው ነበር።"

"እና ዝም አልክ?" አለ ሁበርት። "የእኔ የታዘዘ ምሳ ሲልያን ላይ እየቀዘቀዘ፣ አንተ ዝም አልክ?"

"መጀመሪያ... ታስተውላለች ብዬ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ጠበቅሁ። ከዚያ ሁለት ሆነ። ሁለት ኪሎ ሜትር ዝም ያለ ሰው በሦስተኛው ምን ብሎ ይጀምራል? ሩፔርት ሲመጣ እሱ ይነግራታል ብዬ ጸለይኩ። እሱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር አፌ እየከበደ መጣ።" እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። "ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

ዜንዚ ስትቆጣ የምታደርገውን ሁሉም ጠበቁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ወይም ቁጣው የት እንዳለ አላገኘችውም። ውሃውን ታያለች። ከቤቷ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ሁሉ ቢጫ በየዓመቱ ሲገለበጥ ኖሯል፤ እሷ በየዓመቱ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ሲልያን ስትወርድ ኖራለች። ከምዕራቡ ጣሪያ የወረደው ዝናብ እዚህ ያልፍ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ለዚህ ነገር ማልቀስ ነው መሳቅ? ሰውን የሚያሳፍር ነገር እንዲህ ያምራል?

"ሰዎች" አለች በመጨረሻ፣ "ተሳስቻለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ በተሳሳተ መንገድ መራኋችሁ። ወንዙ ነግሮኛል፣ ጸሎት ቤቱ በመቅረቱ ነግሮኛል፣ የእንጨቱ ሽታ ነግሮኛል፤ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። አሁን ከዚህ በኋላ መንገዱ ወዴት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።" ከግድቡ ጎን አንድ ምልክት ተተክሏል። ሄዳ ሥሩ ቆመችና ጮክ ብላ አነበበችው። "ባቡር ጣቢያ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል።" እንደ መጀመሪያ ክፍል ልጅ ነው ያነበበችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ከአርሚን በቀር ተወላጅ በአቅራቢያው አለመኖሩን ዞር ብላ አረጋገጠች።

ሲልያን ያለው ምሳ ስለማይደረስበት፣ ዜንዚ ለክፉ ቀን የምትይዘውን ጥቁር ዳቦና በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ አውጥታ በቢላዋ ሥጋውን በስሱ ከተፈች። ሐይቁ ዳር ያለ ግንድ ላይ ተደርድረው በሉ። ታናሽዋ አስተማሪ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረችና የጮኸችው ጩኸት ከማዶ ተመልሶ መጣ። ጉሙ በዚያች ሰዓት ሙሉ በሙሉ ተነሣ፤ ተራራው ራስ አወጣ፤ ራሱ ላይ አዲስ በረዶ ነበር።

ኦርኔላ ፍርፋሪውን ከጭኗ አራገፈች። "ያንን ወረቀት አምጣው" አለችው አርሚንን።

"የቱን?"

"ጠዋት ሳንነሣ ስትደረድረው ያየሁትን። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጥያቄ እንዳለው ግን አይቻለሁ። እኔ ጥያቄ እወዳለሁ።"

አርሚን ዜንዚን አያት። ዜንዚ ትከሻዋን ሰበቀች። አምስቱ ቅጽ ታደለ፤ አምስቱም በጉልበታቸው ላይ ሞሉት። አርሚን ሰብስቦ ቆሞ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበ። ከዚያ ለዜንዚ ሰጣት።

መሪ ያስፈልግ ነበር ወይ? አዎ። አዎ። አዎ። አዎ። ሁበርት በፖስተኛ ግልጽ ጽሕፈት "መሪዋ ባትኖር ሲልያን እንደርስ ነበር፤ ይህን ሐይቅ አላየውም ነበር" ብሎ ጨምሯል። ሲልቫኖ ዝምተኛው "አዎ፤ እሷ" ብሎ በሁለት መስመር አስምሮበታል።

ዜንዚ ወረቀቶቹን ደጋግማ አገላበጠች። "ይሄ ምንድን ነው? ኦርኔላ፣ ቀልድ ነው?" በተራራው አገር ሁሉም ሰው ሁሉንም "አንቺ" እና "አንተ" ነው የሚለው፤ ኦርኔላ ግን ገና አልለመደችውም።

"ቀልድ አይደለም፣ ሲኞራ ዜንዚ። እኔ የሜዳ ሰው ነኝ። ፌራራ ኅዳር ላይ ጉም ሲገባ ሰው የራሱን በር አጥቶ የጎረቤቱን ያንኳኳል። ዕድሜዬን ሙሉ ጠፍቻለሁ። እንደ እርስዎ ወገቡን አቅንቶ መንገድ ያሳተኝ ሰው ግን የለም።"

"ይህ ሙገሳ ነው ስድብ?"

"አላውቅም" አለች ኦርኔላ። "ግን ከዚህ በኋላም ልጠፋ ከሆነ ከእርስዎ ኋላ ሆኜ ልጥፋ።"

ባቡሩ ውስጥ ብስክሌቶቹን በመንጠቆ ሰቅለው፣ እንግዶቹ በእንቅልፍ ተረቱ። ባቡሩ ሸለቆውን ሽቅብ፣ ወደ ቶብላህ ይወጣል። ዜንዚና አርሚን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከመስኮቱ ውጪ ጠዋት የመጡበት መንገድ እየታየ ያልፋል፤ ገንዳው፣ አጥሩ፣ የፖም ዛፉ፤ ሁሉም በፀሐይ ውስጥ፣ ሁሉም ግልጽ፣ እንዴት አላየሽኝም የሚል ይመስላል።

"ቃሌ ቃል ነው" አለ አርሚን። "ከግንቦት ጀምሮ ትመሪያለሽ።"

"ለምን?"

"ስላሉ ነዋ። አምስቱም።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ጊዜ ሳልሳሳት መራሁ፤ ስለእኔ አንድ መስመር የጻፈ የለም። አንድ ቀን ጠፋሁ፤ አምስት ሰው ጻፈ። አንተ ትምህርት ቤት ገብተሃል፣ አስረዳኝ።"

"እኔም አልገባኝም።"

"እንግዲያው እጥበቱን ስጠኝ። እዚያ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ጭቃ አለ፣ አጥባለሁ፣ ጭቃ የለም።"

"ዜንዚ፣ አልሰጥሽም።" ድምፁ ከፍ ስላለ ሁበርት አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ጨፈነ። አርሚን ዝቅ አለ። "አባቴ ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለ ሱቁ የነገረኝ አንድ ነገር ቢኖር ስለ አንቺ ነው። ምን እንዳለ አልነግርሽም፤ ትኩራሪያለሽ። እኔ ዛሬ ጎተራው ጋ ምልክቱን አይቼ በልቤ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ኪሎ ሜትር ቆየ። ከዚያ በኋላ ጀርባሽን እያየሁ ስነዳ፣ አንቺን ይሁን ራሴን መንገድ ያሳትኩት አልገባኝም።"

ዜንዚ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሽታው ያሳሳታት የእንጨት መሰንጠቂያ አለፈ። የሩፔርት ላሞች አለፉ፤ ሩፔርት አጥር ላይ ተቀምጦ ባቡሩን ያያል፤ ማን እንዳለበት ቢያውቅ ከአጥሩ ይወድቅ ነበር።

"እሺ" አለች። "እመራለሁ። ግን የኦላንጉንም መንገድ ጨምር፤ ወደ ሲልያን አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ሐይቁ አንድ ቅዳሜ። የሐይቁን ስሄድ ምልክት አነባለሁ፤ የሳቀ ይሳቅ። አንድ ነገር ደግሞ አለ።"

"በዪ።"

"ካወቅህ ተናገር። ያኔውኑ። ሰው ፊት ቢሆንም፣ ብቆጣህም።"

"እናገራለሁ።"

"በአባትህ?"

"በአባቴ።"

ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቶብላህ ደረሱ። ዜንዚ ተነሥታ ብስክሌቷን ከመንጠቆው አወረደች፤ እንግዶቹን "ተነሡ፣ ተነሡ፣ ከኋላዬ!" ብላ ቀሰቀሰቻቸው፤ ራስ ቁሯን አጥብቃ በግራ በኩል ካለው በር ፊት ቆመች። አምስቱም ዓይናቸውን እያሹ ከኋላዋ ተሰለፉ።

"ዜንዚ" አለ አርሚን ከቀኙ በር ጋ።

"ምን?"

"የሚከፈተው በዚህ በኩል ነው።"